ጥያቄም ገመና ነው

“መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ” ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ያውቃል፤ እሱም በፈንታው ይታወቃል። ጥያቄ መልሱ ከመምጣቱ በፊት የጠያቂውን ጉዳይ ይዞ ይወጣልና። ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ የታመመበት ሰው አለ። ስለ ፍቺ ሕግ የምትጠይቅ ሴት ትዳሯ እንዳልተመቻት ሳትናገር ተናግራለች። አሠሪን ስለ መክሰስ የሚጠይቅ ሠራተኛ ገና ክስ ሳይመሠርት ሐሳቡን አስታውቋል።

ሰው ይህን ስለሚያውቅ ጥያቄውን መሸፈን የለመደው ገና ዱሮ ነው። “አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት...” ብሎ የራሱን ችግር በሌላ ሰው አሳቦ ያማክራል። ሠፈሩ ያለውን መድኃኒት ቤት አልፎ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ማንም ወደማያውቀው ሠፈር ይሄዳል። የሚፈልገውን አንድ ዕቃ በማይፈልጋቸው ሦስት ዕቃዎች መሐል ሸሽጎ ይገዛል። እንዲህ የሚያደርገው ወንጀለኛ ስለሆነ አይደለም፤ ገመናውን ስለሚጠብቅ ነው። ለዚህም ጥበቃ ዋጋ ይከፍላል፤ የታክሲ ሒሳብ፣ ጊዜ፣ ድካም።

ዛሬ አብዛኛውን ጥያቄያችንን የምናቀርበው ለሰው ሳይሆን ለኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ነው። የበሽታ ምልክት፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የስልክ ቁጥር፣ የመንገድ አቅጣጫ፣ የሕግ አንቀጽ፣ ሁሉንም ከዚያው እንቀዳለን። መልሱ በቅጽበት ይመጣል። ቋቱን የሚጠብቀው ድርጅት ደግሞ ማን ምን እንደጠየቀ፣ በስንት ሰዓት እንደጠየቀ ሊመዘግብ ይችላል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፤ ለቅልጥፍና ሲባል ከገመናችን ስንት ቢቆረስ ተገቢ ነው? ቆራሹስ ማን መሆን አለበት?

ስም የሌለው መዝገብ

“የጠያቂው ስም ካልተጻፈ ምን ችግር አለ?” የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የሆነውን መንገር ይበቃል። በዚያ ዓመት በኦገስት ወር ኤኦኤል የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ፣ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል በሚል፣ ደንበኞቹ በሦስት ወር ውስጥ ያቀረቧቸውን 20 ሚሊዮን ያህል ጥያቄዎች ይፋ አደረገ። ጠያቂዎቹ 650,000 ገደማ ነበሩ። የማንም ስም አልወጣም፤ በስም ፋንታ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ብቻ ተሰጠ። ቀናት ሳይቆይ ግን የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች የአንዱን ቁጥር ጥያቄዎች አንድ በአንድ ተከትለው ከአንዲት ሴት ዘንድ ደረሱ። ሴትዮዋም ጥያቄዎቹ የራሷ መሆናቸውን አረጋገጠች። ስለ ሠፈሯ ጠይቃ ነበር፤ ስለ ዘመዶቿ ጠይቃ ነበር፤ ስለ ሕመም ጠይቃ ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ማንንም አይጠቁምም፤ ድምሩ ግን ራሱ ስም ሆነ።

ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ መዝገቡንም ከሕዝብ ዓይን አነሣ። ነገር ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሌሎች አስቀድመው ቀድተውት ነበር። ከዚህ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባን ጠባቂው ክፉ አለመሆኑን ነው። ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። ጉዳቱ የመጣው መዝገቡ በመኖሩ ነው። ስለዚህ “ደግ ጠባቂ እንፈልግ” ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። የዛሬው ደግ ነገ ይሸጣል፣ ይዘረፋል፣ ይታዘዛል፣ ወይም እንደዚህኛው ይሳሳታል። የሚሻለው ጠባቂው ከመጀመሪያውም ጥያቄውን ባያውቀው ነበር።

ሳይሰሙ መመለስ

ታዲያ ተጠያቂ ጥያቄውን ሳያውቅ መልስ ሊሰጥ ይችላል? ነገሩ የልጆች እንቆቅልሽ ይመስላል። አንድ ቀላል መፍትሔ ግን አለው፤ ቤተ መጻሕፍቱን በሙሉ ተሸክሞ ወደ ቤት መውሰድ። መጻሕፍቱ ሁሉ ከቤቱ ከገቡለት ሰውየው የቱን ገልጦ እንዳነበበ ማንም አያውቅም። ምስጢሩ ፍጹም ነው፤ ሸክሙ ግን የሚቻል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1995 ቤኒ ቾር፣ ኦዴድ ጎልድራይክ፣ ኤያል ኩሺሌቪትስ እና ማዱ ሱዳን የተባሉ አራት የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቃውንት ከዚህ የቀለለ መንገድ መኖሩን አሳዩ። ብልሃቱን በፖስታ እንመስለው። አንድ መቶ የታሸጉ ፖስታዎች አሉ እንበል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 1 ወይም 0 ተጽፏል። የፖስታዎቹ ሙሉ ቅጂ በሁለት መዝገብ ጠባቂዎች ዘንድ ይገኛል፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። እኔ ማወቅ የምፈልገው በ37ኛው ውስጥ ያለውን ነው። ለእያንዳንዱ ፖስታ ሳንቲም እወረውራለሁ፤ አንበሳው ሲወጣ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ አለዚያ እተወዋለሁ። ይህን ዝርዝር ለአንደኛው ጠባቂ እልካለሁ። ለሁለተኛው የምልከውም ያንኑ ዝርዝር ነው፤ አንድ ለውጥ ብቻ አለው። 37 ቁጥር ካለበት አወጣዋለሁ፤ ከሌለበት አስገባዋለሁ። ሁለቱም በየዝርዝራቸው ያሉትን ፖስታዎች ከፍተው፣ የተጻፈውን ደምረው፣ ድምሩ ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ የሚለውን ብቻ ይመልሱልኛል። መልሳቸው አንድ ከሆነ በ37ኛው ውስጥ ያለው 0 ነው፤ ከተለያየ 1 ነው። እኔ የፈለግሁትን አገኘሁ። እያንዳንዱ ጠባቂ ግን ያየው የሳንቲም ውርወራ ብቻ ነው። ተገናኝተው ዝርዝራቸውን ካላስተያዩ በቀር የፈለግሁት 37ኛውን መሆኑን የሚያውቁበት መንገድ የለም።

እነዚሁ ሰዎች ሌላም ነገር አረጋገጡ፤ ጠባቂው አንድ ብቻ ከሆነና ምስጢሩም ፍጹም ይሁን ከተባለ፣ ቤተ መጻሕፍቱን በሙሉ ከመሸከም የተሻለ መንገድ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ኩሺሌቪትስ እና ራፋይል ኦስትሮቭስኪ በአንድ ጠባቂም የሚሠራ ዘዴ አመጡ። በዚህኛው ዘዴ ምስጢሩን የሚጠብቀው ኮምፒዩተሮች በቀላሉ ሊፈቱት የማይችሉት የሒሳብ ችግር ነው።

ሁሉም መልካም ሆኖ ሳለ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በምሳሌያችን አንድ ፖስታ ለማወቅ እያንዳንዱ ጠባቂ ሃምሳ ያህል ፖስታ መክፈት ነበረበት። ለመቶ ፖስታ ይህ ምንም አይደለም። መቶ ሚሊዮን መዝገብ ላለው፣ በየሰከንዱም ሺህ ጠያቂ ለሚያስተናግድ ቋት ግን መከራ ነው። የዚህም ምክንያት የብልሃት ማነስ ብቻ አይደለም። ጠባቂው ጨርሶ ያልነካው መዝገብ ካለ፣ ቢያንስ ያ መዝገብ እንዳልተፈለገ ያውቃል። ስለዚህ አስቀድሞ የተሰናዳ ነገር ከሌለ በቀር፣ አንዱን ፍጹም ለመሸሸግ ሁሉንም መንካት ግድ ይሆናል።

ድርድሩ

እዚህ ላይ ነው ድርድሩ የሚመጣው። “ጥቂት ገመና ስጥ፣ ብዙ ፍጥነት ውሰድ” ይላል። ነገሩ የፈላስፎች ጨዋታ እንዳይመስል፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚጠቀምበትን አንድ ምሳሌ ላንሣ። ትሮይ ሀንት የተባለ አውስትራሊያዊ የኮምፒዩተር ደኅንነት ባለሙያ ከልዩ ልዩ ድርጅቶች ተሰርቀው የወጡ የይለፍ ቃላትን የሚያሰባስብ አገልግሎት አለው። ሰው የራሱ የይለፍ ቃል ከተሰረቁት መሐል መኖር አለመኖሩን ሊጠይቅ ይችላል። ግን እንዴት ይጠይቅ? የቁልፌን ቅርጽ ለማላውቀው ሰው አሳይቼ “ይህ ቁልፍ ተሰርቋል ወይ?” ማለት ሞኝነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የተገኘው መፍትሔ እንዲህ ነው። የጠያቂው ኮምፒዩተር የይለፍ ቃሉን በሒሳብ ቀመር ወደ 40 ምልክቶች ይለውጠዋል፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 5 ምልክቶች ብቻ ይልካል። በእነዚያ አምስት ምልክቶች የሚጀምሩት ሁሉ ይላኩለታል፤ የራሱን ከመሐላቸው የሚፈልገው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው። አምስቱ ምልክቶች 1,048,576 ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። በወቅቱ በቋቱ የነበሩት የይለፍ ቃላት ከ500 ሚሊዮን በላይ ስለነበሩ ለአንድ ጥያቄ በአማካይ 480 ያህል መልስ ይመጣ ነበር። ጠባቂው የጠያቂውን ቃል አያውቅም፤ ሠፈሩን ግን ያውቃል። ሠፈሩን ማስታወቅ ነው የተከፈለው ዋጋ፤ የተገኘው ደግሞ ፍጥነት ነው።

እኔ ይህን ድርድር ነውር ነው አልልም። እንዲያውም ብልህ ድርድር ነው። ነገር ግን ሁለት ጠባዮቹን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ የተከፈለው ገመና ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው። በአንድ ሠፈር ውስጥ አንድ ስመ ጥር ቤትና ብዙ የማይታወቁ ጎጆዎች ካሉ፣ ወደዚያ ሠፈር የሚሄደውን ሰው ሁሉ “ወደ ትልቁ ቤት ነው” ብሎ መገመት ይቻላል። ሁለተኛው፣ ጥቂት በጥቂት የሚከፈል ነገር ተደማሪ መሆኑ ነው። ዛሬ ሠፈሬን፣ ነገ መንገዴን፣ ከነገ ወዲያ ሰዓቴን ብናገር በመጨረሻ ቤቴን ነገርሁ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የኤኦኤልም ታሪክ ያሳየን ይህንኑ ነበር።

የቅርብ ዘመን ምርምር አንዱ ጥቅም ይህን ኪሳራ በቁጥር ለመለካት መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ራፋኤል ቶሌዶ፣ ጆርጅ ዳኔዚስ እና ኢያን ጎልድበርግ ባወጡት ጥናት፣ ፍጹም ምስጢር ከመፈለግ ይልቅ የሚሾልከውን መጠን ወስኖ ወጪውን መቀነስ እንደሚቻል በስሌት አሳይተዋል። ከጥናቱ አንድ ነጥብ ለኛ ጉዳይ ትልቅ ፍሬ አለው። ጥያቄዎች ማን እንደላካቸው ሳይታወቅ ተደባልቀው ከቀረቡ፣ የጠያቂዎቹ ቁጥር በበዛ መጠን የእያንዳንዱ መሸሸጊያ ይጠነክራል። አንድን ሰው የሚሸሽገው ሕዝብ ነው ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

ሦስት መከራከሪያዎች

ከሥነ ምግባሩ ጥያቄ ስንደርስ ሦስት መከራከሪያዎች ይቆሙብናል። ሦስቱም በቀላሉ የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው “ፍጥነትም እኮ በጎ ነገር ነው” የሚል ነው። እውነት ነው። ሐኪም ስለ መድኃኒት መጠን ሲጠይቅ የሚዘገይ መልስ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የኢንተርኔት ጥቅሉን በሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው፣ ለአንድ ጥያቄ 480 መልስ መቀበል በገንዘብ የሚመነዘር ነገር ነው። ኤሌክትሪኩም፣ ማሽኑም ወጪ አለው። ገመናን የሚጠብቅ ዘዴ ለድኻው የማይቀመስ ከሆነ፣ ገመና የሀብታም ብቻ ሆነ ማለት ነው። የዚህ መከራከሪያ ፍሬ ግን “ገመና ይቅር” የሚል አይመስለኝም። የሚያስረዳን ሸክሙ በማን ላይ ቢያርፍ ፍትሐዊ እንደሆነ ነው። ግዙፉ ማሽን ያለው ጠባቂው ነው፤ ከጥያቄዎቹም የሚያተርፈው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አፕል ኩባንያ ስልክ የሚደውለውን ሰው ማንነት ለመፈለግ የሚያገለግል፣ ተጠያቂው ቋት የተጠየቀውን ቁጥር ሳያይ የሚመልስበትን ዘዴ በስልኮቹ ላይ አውጥቷል። በ1995 የወረቀት ላይ ሒሳብ የነበረው ነገር ዛሬ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ “ውድ ነው” የሚለው ቃል በየዘመኑ እንደገና መመርመር አለበት፤ ትናንት እውነት የነበረ ምክንያት ዛሬ ሰበብ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛው መከራከሪያ “ሕግ ይበቃል” የሚለው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ጭምር፣ ከመደፈር ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕግ አስፈላጊ ነው፤ ግን ሕግ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። የወጣን ምስጢር ዳኛ ወደ ነበረበት ሊመልሰው አይችልም። ሕግ ለበር ቁልፍ ነው፤ ያልተመዘገበ ጥያቄ ግን ሌባ የሚወስደው ነገር የሌለበት ቤት ነው። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚወደው “እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም” የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። እሱ የሚጠይቀው የአየር ጠባይ፣ የኳስ ውጤት፣ የወጥ አሠራር ነው። “ታዲያ ለምን ልዘግይ? ለምንስ ትርፍ ልክፈል?” ቢል ምን እንለዋለን? የኔ አቋም የሚመሠረተው ለዚህ ሰው በሚሰጠው መልስ ላይ ነው።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ቅልጥፍና የሚለካው መልስ ካገኙ ጥያቄዎች ነው። መሐንዲሱ “ለጥያቄው በስንት ሰከንድ መለስን?” ብሎ ይቆጥራል። ፈርቶ ያልጠየቀውን ሰው ግን ማንም አይቆጥረውም። በባልዋ የምትደበደብ፣ ስልኳም የሚፈተሽባት ሴት የምትጠለልበትን ቦታ ሳትጠይቅ ትቀራለች። የሚያሳፍር ሕመም የያዘው ወጣት ሳይጠይቅ ይቆያል፤ ሲጠይቅም በሽታው ሥር ሰድዶ ይገኛል። በመሥሪያ ቤቱ የሚፈጸመውን ስርቆት ያየ ሠራተኛ “ለማን ይነገራል?” የሚለውን ጥያቄ ይውጠዋል። በመዝገቡ ላይ እነዚህ ሰዎች የሉም። መዝገቡ የሚያሳየው ሁሉም ሰው በፍጥነት እንደተስተናገደ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ስለማይታይ የሚለቅመው እንኳ የለም። መልሱን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈልገው ሰው መጠየቅ ያልቻለበት ቋት ፈጣን ነው ሊባል አይገባም።

እነዚህን ሰዎች ምን ይሸሽጋቸዋል? ቅድም እንዳልነው ሕዝብ ነው። ጥያቄውን ሸፍኖ የሚያቀርበው የሚፈራ ሰው ብቻ ከሆነ፣ መሸፈኑ ራሱ ምልክት ይሆንበታል። ባዶ መንገድ ላይ ተከናንቦ የሚሄድ ሰው ከማንም ይበልጥ ይታያል። ሁሉም የተከናነበ ዕለት ግን ማን ምን እንደያዘ አይለይም። ስለዚህ ለሚደበቀው ሰው አስፈላጊው ሰው ያ “የምደብቀው የለኝም” የሚለው ሰው ነው። የሱ የአየር ጠባይ ጥያቄ ለዚያች ሴት ጥያቄ መከለያ ነው።

ይህ ነገር ለኛ አዲስ አይደለም፤ ዕድር እናውቃለንና። ዘንድሮ ከቤቱ ሰው ያልሞተበት አባል ወርኃዊ መዋጮውን ይከፍላል። “እኔ ሐዘን የለኝምና አልከፍልም” አይልም፤ ቢልም ነውር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ የሚገዛው ሐዘን በሌለበት ቀን በተዋጣ ገንዘብ ነው። ሐዘን የደረሰ ዕለት መዋጮ መጀመር አይቻልም። ገመናም እንዲሁ ነው። ዛሬ ጠያቂው በኳስ ውጤት ላይ የሚያጣት የሰከንድ ክፋይ፣ ነገ እሱ ራሱ ወይም ልጁ አስፈሪ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ድንኳን ሆና ትጠብቀዋለች።

ይህን ስል ማንኛውም ጥያቄ በፍጹም ምስጢር ይቅረብ ማለቴ አይደለም። ዕድርም ቢሆን መዋጮውን አባላቱ በሚችሉት ልክ ይወስናል። ግን እንዴት እንደሚወስን ልብ እንበል፤ አባላቱ ተሰብስበው፣ መጠኑን አውቀው፣ ሒሳቡን ሰምተው ነው። የገመናው ድርድርም በነዚህ ሦስት ነገሮች መመዘን አለበት። ወሳኙ የሚከፍለው ሰው ነው ወይስ የሚያተርፈው? የሚሾልከው መጠን ተለክቶ ተነግሯል ወይስ “አታስቡ” ተብሎ ታልፏል? ጉዳቱ የሚደርሰው በሁሉም ላይ በመጠኑ ነው ወይስ በጥቂቶች ላይ በሙሉ? የሒሳብ ሊቃውንቱ ኪሳራውን መለካት እንደሚቻል ካሳዩን በኋላ፣ ሳይለኩ መውሰድ አለማወቅ ነበር ማለት አይቻልም።

ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ ድርድሩ ያለቀው እኛ ሳንጠየቅ ነው። ፈጣኑ መንገድ ተጠርጎ ይሰጠናል፤ ሌላ መንገድ እንደነበረም አይነገረን። ፍጥነት ለምዶብን መዘግየት እንደ በደል ይታየን ጀምሯል። የሰከንድ ክፋይ የምትሸከመው ሌላ ሰው እንደነበረ አናይም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ገመናውን ብቻውን ተሸክሞ የሚንገዳገደውን ሰው ማገዝ የሚቻለው የሚደበቅ ነገር ባላቸው ሰዎች ብቻ አይደለም፤ እነሱማ ጥቂት ናቸው። አንዳንድ ሎሚ መያዝ ያለብን የማንፈራው ነን።